ሶሌታው እስኪሞላ

ሠርካለም የወንድሟን ድምፅ የሰማችው ከመጸዳጃ ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ሆና ነው። ገና በደንብ አልነጋም፤ ደባርቅ ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው እንኳ እርስ በርሱ አይተያይም። ሻረው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በጓሮው የጎመን መደብ ዳር ወዲህ ወዲያ ይላል። «ይጨርሱ ብቻ» ይላል። «ሶሌታው ሞልቶ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አንናገርም። ከዚያ የሚሊሻ ልጆቹን እጠራቸዋለሁ፤ መጥተው ይጭኗቸዋል። ከካምፕ የወጡበት ፈቃድ የላቸው፤ ለማን ሄደው ሊከሱ ነው?… አዎ፣ የአሥራ አምስት ቀኑ በሙሉ ይቀራል።… ኧረ እሱን ለእኔ ተወው።» ከዚያ ሳቀ። ሠርካለም በግራ እጇ የውሃ ጆግ እንደያዘች፣ እግሩ ጭቃውን እየቧጨረ ወደ ቤት እስኪገባ ድረስ ሳትነቃነቅ ቆመች። ውሃው ቀዝቅዞ ጣቶቿን አደነዘዛት። ፊቷን ሳትታጠብ ደፋችው።

ሻረው ካቦ ነው። በጎንደር መውጫ በኩል ፀጋው የሚባል ኮንትራክተር የሚያሠራው ባለ አንድ ፎቅ የእህል መጋዘን አለ፤ እዚያ ሠራተኛ የሚቀጥረውም የሚያባርረውም ሻረው ነው። ሠርካለምም እዚያው የቀን ሠራተኛ ናት። ካርቱም ሰው ቤት ስታጸዳና ስታበስል ዓመታት ከርማ፣ ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ባዶ እጇን በተመለሰች ጊዜ ወንድሟ ከግቢው ጥግ ያለችውን ክፍል ለቀቀላት። ክፍሏ ቀድሞ የከሰልና የአሮጌ ጎማ ማስቀመጫ ነበረች፤ አሁንም በአንደኛው ግድግዳ ላይ የጎማው ክብ ጥቁር ሆኖ እንደታተመ ነው። ኪራይ አትከፍልም። አለመክፈሏን ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ የሚዘነጋ የለም።

ቁርስ ላይ የሻረው ሚስት ኤልሳቤጥ ስለ ዘይት አወራች። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ወሬዋ ሁሉ ዋጋ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ነጋዴው እንዴት እንደሚደሰት፣ ዳባት ገበያ ላይ ድንች ከዚህ ይልቅ እንደሚረክስ፣ ነገር ግን የሚኒባሱ ዋጋ ሲታሰብ ያው እንደሆነ፣ ሻዩን እየቀዳች አንድ በአንድ ተናገረች። ሻረው እያዳመጠ የሚመስል ፊት ይዞ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ይነክራል። ሠርካለም ወንድሟን ሰርቃ አየችው። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልነበረም፤ የተኛ፣ የታጠበ፣ የጠገበ ሰው ፊት ነው። ልትናገር ብላ አፏን ከፈተችና «ዛሬ ማምሸት አለ፣ አያ?» አለች። «ሶሌታ አይደል? ሲያልቅ ነው የሚያልቀው» አለና ተነሳ። ለእሷ ምሳ የሚሆን ዳቦ በፌስታል አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተወላት። እንዲህ ያለ ነገርም ያደርጋል፤ ሰውየውን ለመጥላት የሚያስቸግረው ይኼ ነው።

ሥራው ቦታ ስትደርስ ሚክሰሩ መዞር ጀምሯል። የመጋዘኑ ምድር ቤት በባሕር ዛፍ አጣና ጫካ ተሞልቷል፤ በአጣናው ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የታሰረ ብረት፣ በብረቱ ላይ ደግሞ ዛሬ አርማታው ይፈሳል፤ ሶሌታ የሚሉት ይህን የፎቅ ወለል ነው። ሃያ የማይሞሉ የከተማው ሰዎችና አምስት ስደተኞች አሉ። ስደተኞቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ ዳባት አጠገብ ካለው ካምፕ ሰኞ ሰኞ በሚኒባስ መጥተው፣ ቅዳሜ እስኪመለሱ ድረስ ከአንዲት አሮጊት ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ። የሚከፈላቸው ለከተማው ሰው የሚከፈለውን ግማሽ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ የከተማው ሰው ግን የሚያማው ግማሽ የሚከፍለውን ፀጋውን ሳይሆን ግማሽ የሚቀበሉትን ነበር። «እነሱ ባይኖሩ ይጨመርልን ነበር» ትላለች ሲሲ፣ አሸዋ የምትነፋው። «ስንዴና ዘይትም ይሰፈርላቸዋል፤ ለእኔ ማን ይሰፍርልኛል?»

ሠርካለም ባሬላ የምትሸከመው ከስደተኞቹ ከአንዱ ጋር ነው፤ ሀብተ ሚካኤል ይባላል። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። መጀመሪያ ሻረው ሲያጣምራቸው ደስ አላላትም ነበር። ባሬላ ግን የሰው ጠባይ ያስለያል። ከኋላ ያለው ሰው ክፉ ከሆነ ሸክሙን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ መወጣጫው ላይ ይገፋል፤ ቶሎ ይጥላል። ሀብተ ሚካኤል ከመወጣጫው ሥር ሲደርሱ እጀታውን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጎ ክብደቱን ወደ ራሱ ይስበው ነበር። አልነገራትም፤ እሷ ናት ከቀናት በኋላ ሙሌ ከሚባል ሌላ የቀን ሠራተኛ ጋር አንድ ቀን ስትሸከም ልዩነቱን ያወቀችው። ወሬ አያበዛም። አንዲት ልጅ ካምፕ ውስጥ እንዳለችው፣ እናቷ ሽሬ አካባቢ በጦርነቱ ጊዜ እንደተለየቻቸው፣ ልጅቷ ሌሊት ሌሊት እንደምታስል ነግሯታል። «ሓብተይ» ይላታል፤ እህቴ ማለቱ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሽቅብ በወጡ ቁጥር ልትነግረው አሰበች፤ ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ተወችው። ብትነግረው ወንድሟን አሳልፋ መስጠቷ ነው። ባትነግረው ደግሞ… ካርቱም ሳለች አሠሪዋ የወራት ደሞዟን አስቀርታ፣ በሩ ላይ ቆማ በፈገግታ «ፖሊስ ልጥራልሽ?» ያለቻት ቀን ነበር። ከዚያ ቀን የማትረሳው የሴትዮዋን ፊት አይደለም። ከሴትዮዋ ጎን ቆማ የነበረችውን፣ ነገሩን ከዋዜማው ጀምራ እያወቀች ያልነገረቻትን የአገሯን ልጅ ነው። ሀብተ ሚካኤል ከኋላዋ ሆኖ፣ «ዛሬ ገንዘቡን ከሰጡን ቅዳሜን ሳልጠብቅ ነገ በጠዋት እወርዳለሁ። የልጅቷን መድኃኒት ዳባት አይቼዋለሁ፣ አለ» አላት። ሠርካለም ባሬላውን አርማታው ላይ ገለበጠች። ቀና ስትል ሻረው ከሶሌታው ማዶ ጠርዝ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራ ነበር።

«አይሰጧችሁም» አለችው፣ ዞራ ሳታየው። የሰማችውን ሁሉ ቁልቁል እየወረዱ ነገረችው። ባሬላው ባዶ ስለነበር ቀላል ነበር፤ እሱ ግን ከኋላ መሄድ አቆመና እጀታው ከእጇ ሊያመልጥ ሆነ። ሚክሰሩ አጠገብ ሲደርሱ «አሁን ብንሄድስ?» አላት። ሁለቱም ወደ በሩ አዩ። ዘበኛው ከነጠመንጃው በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥራ መሃል የወጣ ሰው ደግሞ ማንንም ገንዘብ መጠየቅ አይችልም። «እኛ ብቻ ከቆምን ታጣቂዎቹን አሁኑኑ ይጠሯቸዋል» አለ ሀብተ ሚካኤል። «ሁላችሁም ከቆማችሁ ግን…» አልጨረሰውም። የሚጠይቀው ነገር ትልቅ እንደሆነ ገብቶት የፈራ መሰለ።

ለሻይ ሲለቀቁ ሠርካለም ወደ ልደቱ ሄደች። ልደቱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ አካፋ የያዘ ልጅ ነው፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። በየሻይ ሰዓቱ ስለ ሠራተኛ መብት ያወራል፤ ሌሎቹ ዳቧቸውን እየገመጡ ያዳምጡታል፣ አንዳንዴ ያጨበጭቡለታል። ሠርካለም ስትነግረው ዓይኑ በራ። ኀዘን አይደለም፣ ደስታ ነው የሚመስለው። «ዛሬ ነው ቀኑ!» አለ። «ገባሽ? ሶሌታ መሃል ላይ አይቆምም። ከቆመ ብልሽት ነው፤ ያ ሁሉ ሲሚንቶ ገደል ይገባል። ፀጋው ዛሬ በእጃችን ነው። ዩኒቲ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።» ሰዎቹን በየተራ ወደ አሸዋው ክምር ጀርባ እየጠራ አነጋገረ። ጥያቄው ሁለት ይሁን አለ፦ የስደተኞቹ ገንዘብ አሁኑኑ ይከፈል፤ ከነገ ጀምሮም ለሁሉም እኩል ይከፈል። ሲሲ እንኳ፣ «እኩል ከተከፈላቸው እነሱን የሚመርጥበት ምክንያት የለውም፤ ለእኛም ይበጃል» ብላ ተስማማች።

ያልተስማሙት ጋሽ ተክለ ማርያም ብቻ ናቸው። ጋሽ ተክሌ የሠራተኞቹ ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ አሁን የሚሠሩት ጆንያ እየፈቱ ሲሚንቶ ሚክሰሩ ውስጥ መገልበጥ ነው። ከብርጭቋቸው ሥር የቀረውን ሻይ መሬት ላይ ደፍተው ሳቁ። «በደርግ ጊዜ ሁመራ የመንግሥት እርሻ ላይ ሳለሁ ማኅበር አቋቁመናል» አሉ። «እጃችንን እንዲህ አድርገን አንሥተን ምለናል። በዓመቱ ሊቀ መንበሩ ቤት ሠራ፤ ግምቡን የገነባሁለት እኔ ነኝ። ያኛው መንግሥት ሄዶ ሌላው ሲመጣ ተደራጁ ተባልንና የድንጋይ ጠራቢ ማኅበር ሆንን። ሰብሳቢያችን ባጃጅ ገዛ። አሁን ደግሞ አንተ መጣህ። ልጄ፣ ክፉ ሰው ነህ ማለቴ አይደለም። ግን ሰው ለሌላው ሰው የሚቆመው የራሱ ድርሻ እስኪመጣለት ድረስ ነው። አገሩም እንዲሁ ነው፣ ሶሌታውም እንዲሁ ነው።»

«እና አይቆሙም ማለት ነው?» አለ ልደቱ፣ ተናድዶ።

«እቆማለሁ እንጂ፣ ምን ቸገረኝ!» አሉ ጋሽ ተክሌ። «እንዲያውም እቀመጣለሁ። ጉልበቴን ያመኛል።»

ቀትር ላይ፣ ሶሌታው ግማሽ ያህል ሲሞላ፣ ልደቱ ሄዶ ሚክሰሩን አጠፋው። ድምፁ በአንዴ ቀጥ ሲል ከአስፋልቱ ማዶ የሚጮኽ የአህያ ድምፅ ሳይቀር ተሰማ። ሰዎቹ አካፋቸውን እየጣሉ ከአጣናው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ስደተኞቹና የከተማው ሰዎች ተቀላቅለው። ሠርካለም ባሬላዋን አስቀምጣ ከሀብተ ሚካኤል ጎን ተቀመጠች። ሲሲ ከዳቦዋ ቆርሳ ከስደተኞቹ ለአንዱ ሰጠችው፤ እሱም ያልጠበቀው ነገር ስለነበር በሁለት እጁ ተቀበላት። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር ቀላል መስሎ ነበር። ሀብተ ሚካኤል ፈገግ ብሎ «እንዲህ ያለ ነገር በአገሬም አላየሁ» አለ። ሻረው ከላይ እየሮጠ ወረደ፤ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ልደቱ ተነሥቶ ነገረው። ሻረው ስለ ስልኩ ወሬ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። እህቱን አያት። ስልኩን አውጥቶ ፈንጠር አለ።

ፀጋው በፒክአፑ ሲደርስ አልጮኸም። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቀይ፣ ደልደል ያለ፣ ጃኬቱን በትከሻው ጣል የሚያደርግ። ወጥቶ ሶሌታውን አየ፤ አርማታው ጠርዙ ላይ መጠንከር መጀመሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ አረጋገጠ፤ ከዚያ ወርዶ ከፊታቸው አንድ ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። «የከተማዬ ልጆች» አለ። «ከእናንተ ጋር ልነጋገር። እነሱን ለጊዜው እንተዋቸውና።» የተንቀሳቀሰ የለም። ልደቱ «አንድ ላይ ነን» አለ። ፀጋው ራሱን ነቀነቀ፣ የገባው ሰው ይመስል። «ጥሩ ነው፤ አንድ ላይ መሆን ጥሩ ነው። እኔ ግን የማወራው እውነቱን ነው። ለእነሱ የያዝኩት ገንዘብ አለ፤ አልካድኩም። ለእነሱ እንድከፍል ሕግ አይፈቅድልኝም፤ ያለ ፈቃድ ያሠራሁ እኔም እቀጣለሁ። ገንዘቡ ግን አለ። ይኼን ገንዘብ ከነገ ጀምሮ በእናንተ ደሞዝ ላይ እጨምረዋለሁ። ለሁላችሁም። ደግሞ ሻረው ረዳት ያስፈልገዋል።» ይህን ሲል ያየው ልደቱን ነው። «የተማረ ሰው። በወር የሚከፈለው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠርካለም ሙሉ በሙሉ አይታዋለች፤ ማየት ባትፈልግም ዓይኗን ከእነሱ ላይ መንቀል አልቻለችም። ሰዎቹ እርስ በርስ አልተያዩም፤ ሁሉም የየራሱን እጅ ያይ ነበር። አንዱ «ከነገ ጀምሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፀጋው «ከነገ ጀምሮ» አለ። ሲሲ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች፤ ልትነሣ ነው ወይስ በርዷት ነው የሚለው ለጊዜው አልታወቀም ነበር። ልደቱ «እነሱስ?» አለ፤ ጥያቄው ግን ቀድሞ ከነበረበት ቦታ ወርዶ ነበር፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀው። «እነሱን ለእኔ ተውልኝ። በሰላም ወደ ካምፓቸው ይመለሳሉ፤ ማንም አይነካቸውም» አለ ፀጋው። ልደቱ ወደ ስደተኞቹ ዞረ። «ስሙ፣ ይኼ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ዛሬ ለእኛ ከተጨመረልን ነገ ጠንክረን የእናንተን እንጠይቃለን። ስትራቴጂ ነው» አለ። ሀብተ ሚካኤል አየው። ልደቱ ጎንበስ ብሎ አካፋውን አነሣ።

ከዚያማ ፈጠነ። ሲሲ ተነሣች፤ ከእሷ ኋላ ሌላዋ፤ ከዚያ ሦስት አራት ሆነው። ዳቦ የተቆረሰለት ልጅ የተረፈውን ዳቦ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ሻረው መጥቶ ከሠርካለም ፊት ቆመ። ጎንበስ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማው፣ በቀስታ «ዛሬ ማታ የት ልታድሪ ነው?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም። መልሱን በእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው ነው የሚመስለው። ሠርካለም ክፍሏን አሰበች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የጎማ ክብ፣ ከሱዳን ያመጣቻትን አንዲት ብርድ ልብስ፣ የበሩን ቁልፍ። ሌላ የምታስበው ነገር መኖር ነበረበት፤ ፈለገችው፣ አልመጣም። ተነሣችና ወደ ባሬላው ሄደች። የኋላውን እጀታ ሙሌ ያዘው። ስታልፍ ሀብተ ሚካኤል ሳያያት «ማታ ብቻዬን ቢወስዱኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። «ለጥቂት ጊዜ ከጎኔ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።»

ሚክሰሩ ተነሣ። አምስቱ ከአጣናው ሥር እንደተቀመጡ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ጋሽ ተክሌ። «ጋሽ ተክሌ፣ ይነሡ እንጂ! ጭማሪው እኮ ለእርስዎም ነው» ብሎ ልደቱ ጮኸ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው አድርገው እንዳልሰሙ ሆኑ። ደግሞ ሲጠራቸው «ደክሞኛል አልኩህ» አሉ። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው ለስደተኞቹ በየእጃቸው ዘገኑላቸው። ማንም አልበላም፤ እሳቸው ብቻ ይቆረጥማሉ። ሠርካለም ባሬላዋን ተሸክማ ሽቅብና ቁልቁል ስትል ሁልጊዜ በአጠገባቸው ታልፍ ነበር፤ ሌላ መንገድ ስላልነበረ። ሙሌ መወጣጫው ላይ ይገፋታል። ክብደቱ በሙሉ ትከሻዋ ላይ ያርፋል።

ታጣቂዎቹ ለመምጣት ብዙ አልቆዩም። የፀጋው ፒክአፕ ሄዶ አመጣቸው፤ ሦስት ናቸው፣ አንደኛው ሲሲን በሰፈር ያውቃት ነበርና ሰላም አላት። ስደተኞቹን አስነሥተው ኪሳቸውን ፈተሹ፤ ስልካቸውን ለምርመራ ነው ብለው ተቀበሏቸው። አንደኛው ልጅ «ሥራ ነው የሠራነው፣ የሠራንበትን ነው የጠየቅነው» ሲል በሰደፍ ጎኑን መቱት፤ ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ፒክአፑ ላይ ሲወጡ ጋሽ ተክሌም እግራቸውን አንሥተው የመኪናውን ጠርዝ ያዙ። «አንተ ደግሞ የት ነው?» አላቸው ታጣቂው። «ከእነሱ ጋር ነኝ» አሉ። «ኤርትራዊ ነህ?» «የጃናሞራ ሰው ነኝ። አብረን ነው የቆምነው። ከነካችሁ ሁላችንንም አንድ ላይ ንኩን።» ታጣቂዎቹ ሳቁ። ጋሽ ተክሌ ግን አልሳቁም፤ ጠርዙን አልለቀቁም። ሾፌሩ መኪናውን አነሣና ድንገት ሲፈናጠር ታጣቂው ጣታቸውን ከብረቱ ፈልቅቆ ገፋቸው። በጀርባቸው ድንጋይ ክምሩ ላይ ወደቁ፤ ክንዳቸው ከሥራቸው ሆኖ ተሰበረ፤ የተሰበረበትን ድምፅ ሚክሰሩ ዋጠው። ሀብተ ሚካኤል ከመኪናው ላይ ሆኖ በትግርኛ አንድ ነገር ጮኸ፤ ለሽማግሌው ነው። ወደ ሶሌታው ቀና ብሎ አላየም።

ከላይ ያሉት ሁሉ ያዩ ነበር። አካፋ በእጃቸው፣ አርማታ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው። «ኧረ ሽማግሌውን አንሡት!» ያለችው ሲሲ ናት፤ ነገር ግን እሷም አልወረደችም። ሻረው «አርማታው እየደረቀ ነው! በል፣ በል!» ይላል፤ እውነቱንም ነበር፣ እየደረቀ ነበር። ጋሽ ተክሌ ራሳቸው ተነሥተው፣ በደህናው እጃቸው ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ሲሚንቶ መስሏል። ሠርካለም በአጠገባቸው ስታልፍ ቆመች። «ጋሽ ተክሌ…» አለች። «ሂጂ፣ ልጄ፣ ይቆጡሻል» አሏት። ሙሌ ከኋላ ገፋት፣ ሄደች።

ሶሌታው ከመምሸቱ በፊት አለቀ። ሁሉም የአሥራ አምስት ቀኑን በድሮው ሒሳብ ተቀበለ፤ ጭማሪው ከነገ ነው። ሠርካለም ቤት ስትደርስ ኤልሳቤጥ ሥጋ እየጠበሰች ነበር፤ ሻረው ገዝቶ ገብቷል። ሦስቱ አንድ ላይ ቀረቡ። ኤልሳቤጥ የሥጋውን ዋጋ ተናገረች፤ ከባለፈው ሳምንት እንዴት እንደጨመረ፣ ሻጩም አጥንት እንዳበዛባቸው። ሻረው እየሰማ ይጎርሳል። ስለ ቀኑ ማንም አላነሣም። ማን እንደነገራቸው ሻረው እህቱን አልጠየቃትም፤ ሠርካለም ሲጠይቃት የምትመልሰውን በመንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ አለመጠየቁ ነው አጥንቷ ድረስ የገባው። ከሥጋው ለስላሳ ለስላሳውን መርጦ ወደ እሷ በኩል ገፋላት።

«ነገ በጠዋት ሄደሽ ሶሌታውን ውሃ ታጠጫለሽ» አላት። «ካልጠጣ ይሰነጠቃል። በርሜሉ እዚያው አለ።»

«ብቻዬን?»

«ለውሃ ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«ሌሎቹስ?»

«እስኪጠነክር ምን ይሠራሉ? አንድ ወር ሥራ የለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፀጋው አዲስ ሰው አምጣ ብሎኛል። እነዚህ መቀመጥ ለመዱ አለ።» አፉን ጠረገ። «እንዳትነግሪያቸው። በሩ ላይ እነግራቸዋለሁ፤ ከአሁኑ እዚህ መጥተው እንዲጮኹብኝ አልፈልግም።»

ሠርካለም «ልደቱስ?» ልትል ነበር። በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ። ሻረው በአገጩ ወደ በሩ አመለከታት።

ልደቱ ነበር። ጠላ ቀምሷል፤ ጉንጩ ሞቅ ብሎታል፣ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ ይዟል፤ ለሚስቱ ነው። «ጋሽ ተክሌን አሁን ጤና ጣቢያ አድርሼአቸው መጣሁ» አላት። «ክንዳቸው ነው። ጎንደር ይሂዱ ብለዋል። ከነገው ጭማሪ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እናዋጣላቸዋለን፤ ሲሲም ተስማምታለች። ለእነ ሀብተ ሚካኤልም ቢሆን እንዲሁ እያልን…» ዳቦውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ታዝበሽኛል፣ አይደል? ግን አስቢው፣ ፀጋውን የሚያህል ሰው ፈርቶ ጨመረልን። እስከ ዛሬ በደባርቅ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ያውቃል? ቀስ በቀስ ነው። ረዳት ከሆንኩ ደግሞ ከውስጥ ሆኜ…» ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣና ወደ ቤቱ መብራት አየ። «ለመሆኑ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንገባው? አያ ሻረው ምን አሉ?»

ከኋላዋ የቤቱ በር ክፍት ነበር። ከውስጥ ይሰማ የነበረው የሣህን ድምፅ ቆሟል። ጉሙ እንደገና እየወረደ የልደቱን ጫማ ሸፍኖታል፤ ጫማው ላይ ያለው አርማታ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«እንደ ሁልጊዜው ነው» አለችው። «በጠዋት ኑ።»

«ለሁሉም እነግራለሁ» አለ፤ ደስ ብሎት። «እግዜር ይስጥሽ፣ ሠርኬ። አንቺ ባትነግሪን ኖሮ ይኼ ሁሉ አይሆንም ነበር።» ዳቦውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ኩሬውን ዘሎ፣ ወደ ታች ወደ ሰፈሩ ሄደ። ሠርካለም መቀርቀሪያውን ወረወረችና ተመለሰች።

«ማን ነው?» አለ ሻረው።

«ማንም አይደል» አለች። ከቦታዋ ተቀመጠችና፣ ኤልሳቤጥ እንዳይበርድባት የከደነችላትን ሣህን ከፈተች።